የጋዜጣው ጠርዝ

ወረቀቱን ያመጣው የጎንደር አውቶቡስ ረዳት ነው። ወረታ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ወርዶ «የቄጤማ ሻጯ ልጅ፣ አስተማሪው፣ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አድራሻዬ ይኸው ብቻ ነበር። የላኩት ሰው ስልኬን አያውቁም፤ የማስተምርበትንም ትምህርት ቤት አያውቁም። የወረታ ልጅ መሆኔንና እናቴ ቄጤማ እንደምትሸጥ ግን ያውቃሉ፤ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ከኔ ሌላ ወሬ ሰምተው አያውቁማ! ረዳቱ ወረቀቱን እማዬ እጅ ላይ አስቀምጦ ለሻይ 5 ብር ተቀበለና ሄደ። ታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ነበር።

እማዬ ማንበብ አትችልም። ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ።

«የመንግሥት ወረቀት ይመስላል» አለች። «የሰው ገንዘብ አለብህ እንዴ?»

አራት ቦታ የታጠፈ፣ በኮምፒውተር የታተመ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነው። ከላዩ በሰማያዊ እስክሪብቶ የማውቀው ጽሕፈት አለ፤ የጋሼ። አራት ኪሎ ሄርባሪየም ውስጥ ዕፅ የሚለጥፉት፣ ሳጥን የሚያሽጉት፣ የጠፋውን የሚያገኙት እሳቸው ነበሩ። «አንተ ልጅ» ይላል፣ «ጋዜጣ ላይ ምን ጽፈህ ነው እንዲህ የምትፈለገው? ፈረንጇ አፋልጉኝ ብላለች። ቶሎ መልስ ስጣት።»

ደብዳቤው ከስዊድን፣ ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ነው። ሴትየዋ የዕፅዋት ክምችቱ ኃላፊ ናት። ከአዲስ አበባ በልውውጥ የተላከውን ጥቅል ስትፈታ ጋዜጦቹ ጠርዝ ላይ የእጅ ጽሑፍ እንዳገኘች፣ ከፊሉን ኢትዮጵያዊት እንዳነበበችላት፣ የጻፈውን ሰው ማወቅ እንደምትፈልግ ነው የሚናገረው። የመጀመሪያው ስሜቴ ደስታ አልነበረም። ሆዴ ቦጭ አለ። የጻፍኩትን አውቀዋለሁና።

ዕፅ የሚደርቀው በጋዜጣ ነው። ይህን ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ስነግረው ይስቃል። ብሔራዊው ሄርባሪየም የአገሪቱ ዕፅዋት ደርቀው፣ ጠንከር ባለ ነጭ ወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ በብረት ካቢኔት የሚቀመጡበት ቤት ነው፤ ሥራው ግን የሚጀምረው በኪሎ ከተገዛ አሮጌ አዲስ ዘመን ነው። መስክ ላይ ተክሉን ከነሥሩ ትነቅለዋለህ። ጋዜጣ አጥፈህ መሃሉ ታስተኛዋለህ፤ ረጅም ከሆነ እንደ ዜድ ታጥፈዋለህ። ጠርዙ ላይ ቁጥር ትጽፍበታለህ፤ ያው ቁጥር ከቦታው፣ ከቀኑና ከለቃሚዎቹ ስም ጋር መዝገብህ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በሁለት የእንጨት ርብራብ መሃል ደርድረህ በቀበቶ ጥርቅም ታደርገዋለህ። ከአንድ ቦታ አራት አምስት ቅጂ ይለቀማል። አንዱ እዚሁ ይቀራል፤ የተረፈው በልውውጥ ውጭ አገር ላሉ ሄርባሪየሞች ይላካል። የሚላከው ሳይለጠፍ ከነጋዜጣው ታሽጎ ነው። የተቀበለው ቤት ተክሉን ይለጥፍና ጋዜጣውን ይጥለዋል። ይጥለዋል ብዬ ነበር እኔም የማምነው።

ስለ ቄጤማም ልናገር፤ ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። ሰው ቄጤማን ሣር ይለዋል። አይደለም። አገዳውን በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሃል አሽከርክረው፤ ሣር ከሆነ ይንከባለላል፣ የቄጤማ ወገን ከሆነ ሦስት ጠርዝ ጣትህን ይቆረቁረዋል። ይህን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። እማዬ ሣር ቀላቅለው ሊያስረክቧት የሚመጡትን ልጆች የምትይዛቸው እንዲህ ነበር፤ ከእስሩ መሃል አንድ ትመዛለች፣ ታሽከረክራለች፣ «ውሰደው ለበሬህ» ትላለች። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የዚሁ ወገን ነው። እህቶቼ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚነቅሉት እንግጫም እንዲሁ። በዓለም ላይ ከ5,000 በላይ ዝርያ አለው፤ ብዙዎቹ ከሩቅ ሲያዩአቸው እንደ መንታ ወንድማማቾች ናቸው።

እኔ ልጅ ሳለሁ እማዬ ቄጤማዋን የምታሳጭደው ከፎገራ ሜዳ፣ ከጉማራና ከርብ ወንዞች ዳር ነበር። በኋላ ሩዝ ገባ። ኤክስ ጅግና የሚሉት ዘር ውሃ የተኛበትን መሬት ሁሉ ወሰደው፤ ገበሬው ተጠቀመ፣ አልፈርድበትም። የእማዬ ቄጤማ ግን በየዓመቱ እየራቀ ሄደ። ማስተርሴን ስሠራ በቄጤማ ላይ ልሥራ ያልኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው። ጓደኞቼ በቡና፣ በመድኃኒት ተክል፣ በጤፍ ሲሠሩ እኔ «ዶክተር ቄጤማ» ተባልኩ።

ጊዜው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት ሥራ የሚያልቅበት ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ከኡፕሳላ ጋር በመተባበር የተጀመረ፣ በስዊድን ገንዘብ የተደገፈ፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን በ8 ቅጽ የመዘገበ ሥራ ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ቄጤማና ዘመዶቹ ያሉት በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው 6ኛው ቅጽ ነው። የኔ ቅጂ በመስክ ጭቃ ገጾቹ ተጣብቀው ነበር። እኔ በኮንትራት ረዳት ነበርኩ፤ ለቀማ እወጣለሁ፣ መለያ ወረቀት እጽፋለሁ።

አማካሪዬ የሚከበሩ ሰው ናቸው፤ አሁንም አከብራቸዋለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ጥድፊያ ላይ ነበሩ። ቁመው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ መቶ ጋዜጣ ይገልጣሉ፤ ስሙን ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቁጥር 214 ላይ ደረስን። ጥቅምት 2001 ዓ.ም. ከጉማራ ዳር የለቀምኩት ነው።

«ፒክሪየስ» አሉ።

ፒክሪየስና ሳይፐረስ በዓይን ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። የሚለዩት በፍሬያቸው ነው፤ ፍሬዋ የሰናፍጭ ታህል የለችም። ፒክሪየስ ከፍሬው ጫፍ የሚወጡት ክር መሳይ ጭራዎች ሁለት ናቸው፣ ፍሬውም እንደ ምስር ጠፍጣፋ ነው። ሳይፐረስ ግን ሦስት ጭራ፣ ሦስት ጠርዝ አለው። እኔ ደግሞ 214ን ከመስክ እንደመጣሁ በሌንስ አይቼው ነበር። ሦስት ነው።

«እሺ» አልኩና ፒክሪየስ ብዬ ጻፍኩ።

ለምን አልተናገርክም የሚለኝ ሰው እዚያ ቢሮ ቆሞ አያውቅም። ፕሮፌሰር ስም ሲያወጣ የኮንትራት ረዳት «ልክ አይደሉም» አይልም። ነገሩ ግን አላስተኛኝም። ማታ ጋሼ ቤቱን ሳይዘጉ ተመልሼ ገባሁ፤ ጋዜጣውን ገልጬ 12 ፍሬ አንድ በአንድ አየሁ። ከዚያ ጠርዙ ላይ፣ ከሎተሪ ዕጣ ቁጥሮች ጎን፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በላቲን እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «214 ፒክሪየስ ውሸት ነው። 12 ፍሬ አየሁ፣ ሁሉም ባለ 3 ጠርዝ። ጭራው 3። ሳይፐረስ።» ልቤ ቀለል አለው። ሰካራም ለግድግዳ እንደሚናገረው መሆኑ ነው።

አንዴ ከጀመርኩ ልማድ ሆነብኝ። በዘጠኝ ቁጥሮች ላይ ጻፍኩ። አንዱ ላይ «አላውቅም፤ ፍሬው ሳይደርስ ነው የቆረጥኩት፣ የራሴ ጥፋት» ይላል። ሌላው ላይ ወረቀት ስላጣሁ የግል ሒሳቤን አሰፈርኩ፦ «ሱቅ 17 ብር፣ ሰኞ ይከፈል።» ጥቅሉ ከመላኩ በፊት ጋዜጦቹን ልቀይራቸው አስቤ ነበር። ያኔ ተክል ከአገር የሚወጣው ከብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሲገኝ ነበር፤ ጊዜ አለኝ አልኩ። ኮንትራቴ ሰኔ 30 አለቀ። ፈቃዱ ሐምሌ ላይ ወጣ። ጋሼ አሸጉት፤ ሄደ።

ያንን ክረምት ባልፈው ይሻለኛል። ቃል የተገባልኝ የረዳት መምህርነት ቦታ ነበር፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ለማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ መንገር ዛሬ ምን ይጠቅማል። ወደ ውጭ 23 ማመልከቻ ላክሁ። የሁለቱ መልስ መጣ፣ ሁለቱም «እናዝናለን» የሚል። መስከረም ላይ ሻንጣዬን ይዤ ወረታ ገባሁና ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ማስተማር ጀመርኩ። እማዬ አልከፋትም። «እንኳን መጣህ፣ ሸክም ታግዘኛለህ» አለች።

ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት ባሕር ዳር ወረድኩ፤ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መብራት ያለበት ኢንተርኔት ቤት ፈልጌ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብዬ ላክሁ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ መልሷ ደርሷል። ይቅርታዬን አልነካችውም። በዝርዝር ያወጋችኝ ጋዜጦቹ እንዴት ከቆሻሻ ቅርጫት እንደተረፉ ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ዕፅ የምትለጥፈው ሠራተኛ በዚያ ሳምንት ታማ ቀርታ ነበር። እሷ ብትሆን ጋዜጣውን ሳታየው ትጥለው ነበር፤ ሥራዋ ነው። ሴትየዋ ግን የቄጤማ ሰው ናት፤ ከፎገራ የመጣ ቄጤማ አለ ሲሏት መታገሥ አቅቷት ጥቅሉን ራሷ ፈታችው። ከተተየበው ስም ጋር የሚጣላ የእጅ ጽሑፍ አየች። ላቲኑን አነበበች፣ ቁጥሮቹን ለየች፣ ፊደሉ ግን አልገባትም። አባቷ አረጋውያን መጦሪያ ናቸው፤ እሳቸውን የምታጥብና የምታበላ አንዲት የጎንደር ሴት አለች። ኃላፊዋ ቅዳሜ አባቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ዘጠኙን ጋዜጣ በፌስታል ይዛ ሄደች። የጎንደሯ ልጅ ሽማግሌውን ሾርባ እያጎረሰች አነበበችላት። የሱቁን 17 ብር ጨምሮ።

ከመልእክቱ መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ ሥራ ልሰጥህ አልችልም፤ እዚህ አገር ቦታ በማስታወቂያ ነው የሚወጣው፣ የሚመርጠውም ኮሚቴ ነው። በዚህ ወገን ላይ የሚሠራ የዶክትሬት ቦታ ግን ወጥቷል፣ 11 ቀን ቀርቶታል። እንደ ሌላው ሰው ተወዳደር። ስዊድን ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝተኛ ነው፤ የሥራ ውል ይፈርማል፣ ግብር ይከፍላል። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። የትምህርት ማስረጃ፣ የጥናት ሐሳብ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ። አንዱ የግድ ከአማካሪ።

ከአማካሪ! 214ን ፒክሪየስ ካሉት።

ወደ አዲስ አበባ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ደብረ ማርቆስ አደረ። አልጋ ይዤ ተኛሁ ልበል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነው ያደርኩት። «በድረ ገጽ ማስታወቂያ አይቼ ነው» ብል ማን ያውቃል? አባይ በረሃ ስንወርድ ይህንኑ ወሰንኩ። ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ ስበላ እንደገና ወሰንኩ። አራት ኪሎ ስደርስና በራቸውን ሳንኳኳ አፌ ሌላ ተናገረ።

«እንዴት አወቁህ?» ነበር የጠየቁኝ፣ ደብዳቤውን ለመጻፍ ኮምፒውተራቸውን እየከፈቱ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋዜጣውን፣ ዘጠኙን ቁጥር፣ ውሸት ነው ማለቴን። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። መሬቱ ላይ አንድ የተሰነጠቀ ንጣፍ ነበር፤ እስከ ዛሬ ስንጥቁን ልስለው እችላለሁ።

ተነሡ። ኮሪደሩን አቋርጠው ሄርባሪየሙ ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ጋሼ ከሩቅ አይተውን ሥራ እንዳለው ሰው ጎንበስ አሉ። ካቢኔቱን ከፍተው እኛ ዘንድ የቀረውን 214 አወጡት፤ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጡት። በመርፌ ጫፍ አንዲት ፍሬ አወጡ። አዩ። ሌላ አወጡ። አራተኛዋ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ጋሼ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እስቲ መለያ ወረቀት ስጡኝ።»

ሄርባሪየም ውስጥ የቀድሞ ስም አይፋቅም፣ አይቀደድም። አዲስ ብጣሽ ወረቀት ይጻፍና ከአሮጌው ጎን ይለጠፋል፤ አንዳንዱ የመቶ ዓመት ናሙና አምስት ስድስት ብጣሽ ተደርድሮበት ታየዋለህ። በእጃቸው ሳይፐረስ ብለው ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ። የለየው ሰው ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ ግን የኔን ስም ጻፉ። ሙጫውን ጋሼ ቀቡት።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ልንገርዎት፣ ፕሮፌሰር?»

ጥቂት ዝም አሉ። «እኔም ብሆን አልናገርም ነበር» አሉና ደብዳቤውን ሊጽፉ ገቡ። ምን እንደጻፉ አላውቅም፤ አሽገው ነው የሰጡኝ።

የቀረውን ባሳጥረው ሰው አይቀየመኝም፤ ወረቀትና ጥበቃ ነው። ቃለ መጠይቁ በስልክ ነበር። ቀን ሲደወል ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ ኔትወርክ ከሚገኝበት ከዋርካው ሥር ቆሜ ተናገርኩ፤ መስመሩ ሁለቴ ተቋረጠ፣ አንዴ አህያ ጮኸችብኝ። መጋቢት ላይ ተመርጠሃል አሉኝ። ሰፈር ውስጥ ወሬው ሲሰማ አንዱ ጎረቤታችን እማዬን «ፈረንጅ ቄጤማ የሚያጭድለት ሰው አጣ?» ብሏት እስካሁን አታናግረውም።

መስከረም 2003 ዓ.ም. ኡፕሳላ ገባሁ። በ1477 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የዕፅዋት ሊቁ የሊኔ ከተማ። ለደንገል ዛሬ የሚጠራበትን የላቲን ስም የሰጠው ሊኔ ነው፣ በ1753 እ.ኤ.አ. ጣናን ሳያይ። የራሱ የዕፅ ክምችት ግን ኡፕሳላ የለም፤ ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ለእንግሊዛዊ ሸጠችውና ለንደን ነው ያለው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከካቢኔት ካቢኔት ስዞር፣ እኔ ራሴ በአዲስ አበባ የጻፍኳቸውን መለያዎች ሳገኝ አገር ቤት ዘመድ ቤት የገባሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ሴትየዋን «አንቺ» ማለት አቅቶኝ ወር ሙሉ ስሟን ሳልጠራ ኖርኩ። እዚያ ሁሉም ሰው በስሙ ነው የሚጠራው፣ ኃላፊም ቢሆን። ገና ስንተዋወቅ ከመሳቢያዋ የላስቲክ ማኅደር አወጣች። ዘጠኙ ጋዜጣ። ቢጫ ሆነው፣ የተክሉ ጥላ ቡናማ ሆኖ ታትሞባቸው።

«ሱቁን ከፍለሃል?» አለችኝ በመጀመሪያ።

አልከፈልኩም ነበር።

ከዚያ አንድ በአንድ ወሰደችኝ። ከዘጠኙ አምስቱ ልክ ነበርኩ። ሦስቱን ተሳስቼ ነበር፤ በተለይ 231 ላይ አማካሪዬ ልክ ነበሩ፣ እኔ ነኝ ያልበሰለ ፍሬ ቆጥሬ የደነፋሁት። ፊቴ እሳት ሆነ። እሷ ግን ጣቷን ያሳረፈችው ዘጠነኛው ላይ ነበር፤ «አላውቅም፣ የራሴ ጥፋት» በሚለው። ደብዳቤ የጻፈችልኝ በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነገረችኝ። እውነት ለመናገር እኔ በ214 መስሎኝ ነበር፤ ትንሽ ቅር አለኝ።

የጎንደሯን ልጅ ያገኘኋት ጥቅምት ላይ ነው። መጦሪያው ድረስ ሄጄ፣ ዳቦ ይዤ።

«አንተ ነህ ‹ውሸት ነው› ብለህ የጻፍከው?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «እኔኮ እንደሱ ብዬ አልተረጎምኩላትም። ለታላቅ ሰው እንዲህ ይባላል? ‹ቢታይ መልካም ነው› ይላል አልኳት።»

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 15፣ ቀዳም ስዑር፣ ለእማዬ ደወልኩ። የዓመቱ ትልቁ ገበያዋ ነው፤ ከየአቅጣጫው የሰው ድምፅ ይሰማል። እኔ ጠዋት ፊሪስ ወንዝ ዳር ወርጄ ገና ከበረዶ የወጣ፣ ጫፉ ብቻ አረንጓዴ የሆነ የቄጤማ ዘመድ አግኝቼ ነበር። አሽከርክሬዋለሁ፤ ሦስት ነው።

«እዚያም ቄጤማ አለ?» አለችኝ።

«ሞልቷል፣ እማዬ። ወንዙ ዳር ሁሉ።»

«አንዱ እስር ስንት ይሸጣል?»

«አይሸጥም። ማንም አይገዛውም።»

ዝም አለች። ከጎኗ አንዲት ሴት ዋጋ ስትከራከር ይሰማኛል።

«ታዲያ አንተን» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለምኑ ነው የሚከፍሉህ?»